ፀሐይቱ ትጠይቃለች

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተወደድከው ልጄ ለፍሰሐ ጴጥሮስ፤
ላይፕዚግ

የናፍቆት ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ አምላክ ይክበር ይመስገን ደህና ነን። ጠጅቱ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። አባትህም ከእምድብር በመጣ ሰው ሰላም ብሎሃል፤ እንሰቱ ዘንድሮ ጥሩ ነው አለ።

አብነት ሰፈር ያለችው ሱቄ እንደነበረች ናት። ሱሪና ኮት የሚያሰፋ ጠፍቶ የምሰፋው ካኪ ብቻ ሆኗል። የቀበሌያችንን አብዮት ጠባቂዎች ልብስ እንድንሰፋ ለእኔና ለሁለት ልብስ ሰፊዎች ተሰጥቶናል። ሥራ ሥራ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የፀሐይቱ ጉትጎታ ነው። አንተ እኛ ቤት ሆነህ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ደብተርህን እየሰረቀች ዶሮ ትስልበት የነበረችው ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ማትሪክ ትፈተናለች። የባዮሎጂ አስተማሪያቸው ከመስከረም ወዲህ አልመጣም። ወደ አገሩ ሄዷል ይባላል። ሌላም አልተተካላቸው። ስለዚህ ያልገባትን አንተን እንድጠይቅላት ለመነችኝ። "ራስሽ ጻፊለት" ብላት፣ "ጋሼ ፍሰሐ ለእኔ ከሆነ በሁለት መስመር ይገላግለኛል፤ ለአንተ ግን አክብሮ ይጽፋል" አለችኝ። ብልጠቷን እይልኝ።

እንዲህ ትጠይቅሃለች፦ መጽሐፉ ሕይወት ያለውን ሁሉ እንስሳና ተክል ብሎ ይከፍላል። ታዲያ በዓይን የማይታዩት ተህዋስያን ከየትኛው ናቸው? ባክቴሪያን ከተክል የቆጠሩትስ ለምንድን ነው? ቅጠል የለው፣ ሥር የለው!

ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

አጎትህ ገብረየሱስ


ላይፕዚግ
ኅዳር 9 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ ገብረየሱስና ለእትዬ ጠጅቱ፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁልኝ? እኔ የእናንተ ጸሎት ጠብቆኝ ደህና ነኝ። እዚህ ፀሐይዋ ከወጣች በኋላም የወጣች አትመስልም፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ግን ሞቅ ያለ ነው፣ ቀኑን እዚያው እውላለሁ።

የፀሐይቱ ጥያቄ አስተማሪዎቻችንንም ያከራክራል። እንግዲህ ፀሐይቱ፣ ለአባቴ አክብሮ ይጽፋል ካልሽ ዘንድ በደንብ አንብቢ።

እንስሳና ተክል የሚለው አጥር የተሠራው ሰው በዓይኑ የሚያየውን ብቻ ይቆጥር በነበረበት ዘመን ነው። ማይክሮስኮፕ ሲመጣ በአጥሩ ውስጥ አልገባ ያሉ ብዙ ፍጥረቶች ተገኙ። ባክቴሪያን ከተክል የቆጠሩት ህዋሱ እንደ ተክል ህዋስ ግድግዳ ስላለው ነው እንጂ ሌላ ዝምድና ኖሯቸው አይደለም። አሁን ብዙ ሊቃውንት መጀመሪያ የሚጠይቁት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ህዋሱ አስኳል አለው ወይስ የለውም?

እንቁላል ስትሰብሪ አስኳሉ በስስ ገለፈት ተጠቅልሎ ለብቻው እንደሚታይ ሁሉ፣ በእኛም ህዋስ ውስጥ የዘራችን መመሪያ ተከልሎ ይቀመጣል። አንቺ፣ በግቢው ያለው የኮክ ዛፍ፣ የዳቦው እርሾ፣ በከረመ ዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ የኩሬው አሜባ፣ የወባ ጥገኛ፣ ሁላችሁም በዚህ ዘመዳሞች ናችሁ። ህዋሳችሁ ጓዳና ሳሎን እንዳለው ቤት የተከፋፈለ ነው። ባክቴሪያ ግን አስኳል የለውም። መመሪያው እንደተጠቀለለ ክር መካከሉ ላይ ይቀመጣል፤ መኝታውም ማድቤቱም አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ አንቺ ከባክቴሪያ ይልቅ ለሻጋታው ትቀርቢያለሽ።

ባክቴሪያዎችን እርስ በርሳቸው ስንለይ ቅርጻቸውን እናያለን፤ ክብ አለ፣ ዘንግ አለ፣ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ አለ። ከዚያ ሐምራዊ ቀለም እናፈስባቸዋለን። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ሐምራዊውን ይዞ ይቀራል። የለቀቀውን በቀይ እናቀልመዋለን። ሥዕሉን በባለ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ሠርቼ አብሬ ልኬያለሁ፤ በቀስት ያመለከትኳቸው ስሞች በጀርመንኛ ናቸው፣ ትርጉማቸውን ከጀርባው ጽፌዋለሁ።

ለሁላችሁም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ልጃችሁ ፍሰሐ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 28 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሰሐ፤

እንኳን ለልደት በዓል አደረሰህ። በዓሉ በሰላም ይግባልህ፤ አንተን በደህና ይመልስልን።

ደብዳቤህ በመጣ ቀን ፀሐይቱ ጮክ ብላ አነበበችልን። ጠጅቱ፣ "እኔ ከሻጋታ ጋር ዘመድ ነኝ ነው የምትለው? ይህን ነው ጀርመን ድረስ ሄዶ የተማረው?" ብላ ተቆጣች። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንከባለለች በሳቅ። ሥዕልህን ከአልጋዋ በላይ ለጥፋዋለች።

እንዲህ ትጠይቃለች፦ ፔኒሲሊን ባክቴሪያን ሲገድል እኛን የማይገድለን ለምንድን ነው? ቫይረስስ ከየትኛው ወገን ነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት የክፍሏ ልጆች እየመጡ አብረው ያጠኑ ነበር። አሁን ቀርተዋል። የአንዷ እናት፣ "ጊዜው ልጆች ተሰብስበው የሚታዩበት አይደለም" ብላ አስቀረቻት። እኔም ክፉ አላልኳትም።

ከተቻለህ የልብስ መኪና መርፌ ላክልኝ፤ እዚህ ጠፍቷል። ካኪው ወፍራም ነው፣ ይሰብረዋል።

አጎትህ ገብረየሱስ


ላይፕዚግ
የካቲት 3 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ ገብረየሱስ፤

ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። እትዬ ጠጅቱን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ከሻጋታ ጋር ያዛመዳቸው እኔ ሳልሆን ፈጣሪ ነው። መርፌዎቹን በጥጥ ጠቅልዬ ፖስታው ውስጥ አድርጌያለሁ።

ፀሐይቱ፣ ፔኒሲሊን የሚያፈርሰው ግድግዳ ነው። ባክቴሪያ ሲያድግ ግድግዳውን እየገነባ ነው፤ ፔኒሲሊን ግንበኛውን ያግደዋል፣ ህዋሱም ይፈነዳል። የእኛ ህዋስ ግድግዳ የለውም። መድኃኒቱ መጥቶ የሚያፈርሰው ያጣል። አየሽ፣ በህዋሶች መካከል ያለው ልዩነት ለፈተና ብቻ አይደለም። መድኃኒት ሁሉ የሚኖረው በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው።

ቫይረስ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ህዋስም አይባል። የራሱ ቤት የሌለው፣ ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱን የሚያዝ መመሪያ ነው። ስለዚህ ፔኒሲሊን አይነካውም።

የባክቴሪያን አበዛዝ ብታዪ ትገረሚያለሽ። አንዱ ህዋስ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት። ድምፅ የለ፣ ግርግር የለ። በአንድ ህዋስ የተጀመረው ሲነጋ ሚሊዮን ይሆናል። አዲሱን ሥዕል ተመልከቺው። ለጓደኞችሽም አስተምሪያቸው፤ ያስተማሩት ነገር አይረሳም።

ልጅዎ ፍሰሐ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 30 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለጓድ ፍሰሐ ጴጥሮስ፤

አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሁላችንም ደህና ነን። ፀሐይቱ ወደ ዘመድ ሄዳለች። ትምህርቱን ለጊዜው ትታዋለች። ስለዚህ ስለ እነዚያ ነገሮች ከእንግዲህ እንዳትጽፍ። ሥዕልም እንዳትልክ። ስለ አየሩና ስለ ጤናህ ብትጽፍ ይበቃናል።

መርፌው ደርሷል።

አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!

ገብረየሱስ


ላይፕዚግ
ሚያዝያ 25 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ ገብረየሱስ፤

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ፊደሉ የእርስዎ ነው፤ ድምፁ ግን የእርስዎ አልመስል አለኝ። ጓድ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ምን አስቀየምኳችሁ? በሻጋታው የቀለድኩት እትዬን አስከፍቷቸው ከሆነ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ፀሐይቱስ የትኛው ዘመድ ጋ ነው የሄደችው? እምድብር ከሆነ አባቴ በጻፈልኝ ነበር፤ አላየኋትም ይላል። ፈተናው በደረሰበት ሰዓት ትምህርት የምትተው ልጅ አልነበረችም። ሁለት መስመር በራሷ እጅ ትጻፍልኝ።

እንዳሉኝ ስለ አየሩ ልጻፍ፤ በረዶው ቀልጧል፣ ዛፎቹ አብበዋል።

ልጅዎ ፍሰሐ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሰሐ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። አላስቀየምከንም። ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አትጠይቀኝ።

አንድ ነገር ላማክርህ። የማውቀው ሰው ታሟል። ያለበት ቤት ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ የሚያድርበት ነው፤ ቅማል አለ። ሰውየው በድንገት አተኮሰው፣ ራሱን ፈለጠው፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ከዳው። ከቀናት በኋላ ላበው ወርዶ ተሻለው፣ ተነሥቶ ተቀመጠ። ሳምንት ሰንብቶ እንደገና ጣለው። ወባ ነው ብለው ኪኒን ሰጡት፤ ምንም አላደረገለት። አብረውት ካሉት ሁለቱ ሞተዋል። ተስቦ ነው የሚሉ አሉ።

ዝርዝሩን ትተህ መድኃኒቱን ብቻ ንገረኝ። ቶሎ ንገረኝ። እመቤቴ ደብዳቤዬን ታፍጥነው።

ገብረየሱስ


ላይፕዚግ
ሰኔ 28 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ ገብረየሱስ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ከፖስታ ቤት ሳልወጣ ቴሌግራም ላክሁልዎ፦ "ወባ አይደለም። ቴትራሳይክሊን። ልብስ ይቀቀል።" ከደረሰ ይህ ማብራሪያው ነው።

ከአስተማሪዬ ጋር ተመካክሬያለሁ። ሳያዩ መወሰን ከባድ ቢሆንም፣ የሚሄድና የሚመለሰው ትኩሳት፣ ቅማሉም፣ ኪኒኑ አለመሥራቱም ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ። የግርሻ ትኩሳት ነው። ኪኒን የወባን ጥገኛ ይገድላል፤ የወባ ጥገኛ ከእኛና ከሻጋታው ወገን ናት። ይህኛው ግን ከሌላው ወገን፣ ከተጠማዘዙት ነው። ቀድሞ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ቴትራሳይክሊን ለዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ አንድ መጠን ይበቃል። ሐኪም ከተገኘ እሱ ይስጠው። ካልተገኘ ይህን እወቁ፦ መድኃኒቱ ከተወሰደ ከትንሽ ሰዓት በኋላ ሕመሙ ይብሳል፣ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል። በዚያ ሰዓት ሰው ከአጠገቡ አይለይ፤ ውሃ ይጠጣ፣ ብድግ እንዳይል። ልብሱና ብርድ ልብሱ ይቀቀል። ቅማሉን በጥፍር አትጨፍልቁት፤ በሽታው የሚገባው ከተጨፈለቀው ቅማል ነው።

ጋሼ፣ ሰውየው ሴት ከሆነች ክብደቷን ገምተው ለፋርማሲው ይንገሩ። ሌላ አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ ፍሰሐ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 10 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሰሐ፤ ለዓይኔ ብርሃን፤

እድሜህ እንደ ማቱሳላ ይርዘም። ቴሌግራሙ ደርሶ ነበር። መድኃኒቱ ተገኘ፣ ገባም። የመባሱ ሰዓት እንዳልከው መጣ፣ እንዳልከውም አለፈ። ሰውየው ድኗል። አብረውት የነበሩትም ልብስ መቀቀል ጀምረዋል፤ በሽታው እየቀነሰ ነው ተብለናል። ጠጅቱ ልደታ ማርያም ደጃፍ ለተቀመጡት ነዳያን ሁሉ ንፍሮ አበላች። "እኛ ካቶሊኮች ነን፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሌላ ነው" ብላት "እናትየዋ አንድ ናት" አለችኝ።

ፀሐይቱ ትጠይቃለች፦ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው ለምንድን ነው? በሽታው እስከዚያ የት ተደብቆ ይቆያል? ይህን የጠየቀችው እሷው ራሷ ናት፤ በሰው ላከችልኝ።

ገብረየሱስ


ላይፕዚግ
መስከረም 5 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ ገብረየሱስ፤

እንኳን አደረሳችሁ። ደብዳቤዎን አንብቤ በመንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሰው ዞሮ አየኝ።

ለጠያቂዋ እንዲህ ይበሉልኝ፦ ሰውነታችን እነዚህን ተህዋስያን የሚያውቃቸው በለበሱት ልብስ ነው። ልብሱን ለይቶ ያሳድዳል፣ ይጨርሳቸዋል፤ ያኔ ትኩሳቱ ይለቃል። ጥቂቶቹ ግን ከውጭ ያለውን ሽፋናቸውን ለውጠው ይተርፋሉ። ሰውነት አዲሱን ልብስ አያውቀውም። እስኪያውቀው ድረስ ይበዛሉ፣ ትኩሳቱም ይመለሳል። ባሕርያቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ካባው ብቻ ነው።

ድና መጠየቅ ከጀመረች ሌላ ምንም አልፈልግም። ሲመቻት ሁለት መስመር።

ልጅዎ ፍሰሐ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥር 8 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሰሐ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሳልጽፍ በመቆየቴ አትቀየመኝ። እጄ እንደ ድሮ አይታዘዘኝም፤ ስፌቱንም ቀንሻለሁ።

ፀሐይቱ ትጠይቃለች፦ ባክቴሪያ ለሁለት ሲከፈል እናቲቱ ሞተች ይባላል ወይስ አልሞተችም? ከሞተች ሬሳዋ የት አለ?

ህዋስ የሚለውን ቃል ብትጽፈውም አሁን ግድ የለም።

ገብረየሱስ


ላይፕዚግ
የካቲት 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ ገብረየሱስ፤

አምላክ ያጽናዎ። እጅዎን ሐኪም አይቶታል?

ለጥያቄው መልስ ልስጥ። ህዋሱ ሲከፈል እናቲቱን ፈልጎ የሚያገኛት የለም። ሁለቱ ልጆች እሷው ናቸው፤ እሷ ግን የለችም። ሬሳም የለም። ሞት ልንለው አንችልም፣ ኖራለችም ለማለት ይከብዳል። አስተማሪዬን ብጠይቃቸው፣ "ለዚህ ቃል የለንም" አሉኝ።

ጋሼ፣ ይህን ስጽፍ ያለሁት ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነው፤ አንድ ሰው ከትከሻዬ በላይ የሚያነብ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ። ፀሐይቱ እንዴት ይሠራል፣ ለምን ይሆናል ብላ ነው የምትጠይቀው። ስለ ሬሳ ጠይቃ አታውቅም። ይህን የጠየቀኝ ማን ነው?

ልጅዎ ፍሰሐ


ልደታ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 20 ቀን 1971 ዓ.ም.

ልጄ ፍሰሐ፤

ይህን የሚሰጥህ ሚደቅሳ ይባላል፤ የጎረቤታችን የአቶ ሂርጳ ልጅ ነው። እርሻ ሊማር እናንተ ጋ እየመጣ ነው። እሱን አምኜ እንደ ልቤ እጽፍልሃለሁ። አንብበህ አቃጥለው።

ካቻምና በመጋቢት ከተማው በሙሉ ቤት ለቤት ተፈተሸ። እኛ ቤት አምስት ሆነው መጡ። ሦስቱ የለበሱት እኔ የሰፋሁትን ካኪ ነበር። የአንደኛው እጀታ ረዝሞበት ስላየሁ፣ "አምጣው ላሳጥርልህ" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መሪያቸው መነጽር ያደረገ ወጣት ነው። ከፀሐይቱ አልጋ በላይ ያለውን ሥዕል ገነጠለ፤ ትራሷ ሥር ያሉትን ደብዳቤዎችህንም አወጣና ቆሞ አነበባቸው።

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"የባዮሎጂ ትምህርት ነው።"

"'በአንድ ህዋስ የተጀመረው ሲነጋ ሚሊዮን ይሆናል።' ይህ ባዮሎጂ ነው?"

"ስለ ባክቴሪያ ነው፣ ልጄ።"

"'ድምፅ የለ፣ ግርግር የለ። ለጓደኞችሽም አስተምሪያቸው።' ይህስ? አስኳል የሌለው ህዋስ ማለት መሪው ያልታወቀ ማለት ነው? ቀዮቹ እነማን ናቸው? ሐምራዊዎቹስ?"

አንተ ሩቅ ሆነህ አልሰማህም እንጂ እዚህ ህዋስ ማለት የኅቡዕ ፓርቲ ቡድን ስም ሆኖ ነበር። በሬዲዮ ሲባል እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ሬዲዮው የሚለውና አንተ የምትጽፈው አንድ ቃል መሆኑ ግን እስከዚያች ሰዓት ልብ አላልኩትም።

ፀሐይቱ አልፈራችም። ትምህርቱ ያልገባው የክፍሏ ልጅ መሰላት። አጠገቡ ቆማ በጣቷ እያሳየች፣ "ይህ ግድግዳው ነው፤ ይህ ደግሞ የዘሩ መመሪያ ነው። ቀለሙን እኛ ነን የምናፈስበት፤ እነሱ የራሳቸው ቀለም የላቸውም" አለችው። ልጁ አዳመጣት። ለአፍታ ገብቶት ነበር፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ጓደኞቹን ዞር ብሎ ሲያይ ፊቱ ተመልሶ ተዘጋ።

"የማን ነው ደብዳቤው?" አለ።

"ፖስታው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው" አልኩት።

"ጠያቂዋ እኔ ነኝ" አለች ፀሐይቱ። "አባቴ ከመርፌና ከክር ሌላ አያውቅም።"

"ተጠይቃ ትመለሳለች" ብለው ወሰዷት። ነጠላዋን እንኳ ጠጅቱ ሮጣ ነው ያደረሰችላት።

የቆየችበት ግቢ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ስንቅ በየቀኑ ጠጅቱ ታደርሳለች፤ እሷን ግን አያሳዩንም። የሚታጠበው ልብሷ ሲወጣ በቅማል ተሸፍኖ ነበር። መታመሟንም የሰማነው ከተፈታች ሴት ነው። ቴሌግራምህ ሲመጣ መድኃኒቱን ገዛሁ፤ በግልጽ አያስገቡትም ነበርና ደብዳቤህ እንደደረሰ በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ እንክብሎቹን አንድ በአንድ ሰፋኋቸው። አንተ የጻፍከውን የያዘ ቁራጭ ወረቀትም አብሬ ሰፋሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተጠነቀቅሁበት ስፌት የለም።

ዳነች። ያን ጊዜ ለአንተ የጻፍኩት ደስታ እውነት ነው።

ከዚያ ኅዳር መጣ። አንድ ጠዋት ጠጅቱ ስንቅ ይዛ ሄደች። ዘቡ ስሟን ከፀሐይቱ ስም ጋር ጠይቋት ወደ ውስጥ ገባ፣ ወጣና፣ "ከእንግዲህ አታምጪ" ብሎ ሳህኑን እንደተሸፈነ መለሰላት። ሌላ ቃል የለም። ሬሳም አልሰጡንም። ድንኳን መጣልና ማልቀስ የተከለከለ ነው። ጠጅቱ በሩን ዘግታ ትራስ ነክሳ ነው ያለቀሰችው። ማግስቱን ሱቄን ከፈትኩ፤ ካልከፈትኩ ለምን ዘጋህ ይሉኛል። ካኪ ሰፋሁ።

ጎረቤት ስሟን መጥራት ተወ፤ ፈርተው ነው። እኛም በሰው ፊት አንጠራትም። ልጅ የነበረን አንመስልም። አንድ ቀን ጠጅቱ፣ "ፍሰሐ አልሰማም። እሱ ጋ አለች" አለችኝ። "ጻፍለትና ትጠይቃለች በለው። መልሱ ላይ ስሟን ይጽፋል።" ስለዚህ ጻፍኩልህ። በዓለም ላይ ስሟን የሚጽፍ አንተ ብቻ ቀርተህ ነበር። ደብዳቤህ ሲመጣ ጠጅቱ መልሱን አታዳምጥም፤ ስሟ ያለበትን ቦታ በጣቴ እንዳሳያት ትጠይቀኛለች፣ ማንበብ ስለማትችል። እዚያ ላይ እጇን ታሳርፋለች።

ስለ ሬሳው የጠየቅሁህ ግን እኔ ነኝ። ጠረጠርክ። ለየካቲቱ ደብዳቤህ መልስ ያጣሁትም ለዚህ ነው።

ከአብሮ ታሳሪዎቿ ነፊሳ የምትባል የወሎ ሴት ተፈትታ መጥታ ነበር። ፀሐይቱ ለራሷ አንድ መጠን እንደሚበቃ ከወረቀቱ ካነበበች በኋላ የቀሩትን እንክብሎች ለታመሙት አከፋፍላለች አለችን። ነፊሳ አንዷ ናት። መንቀጥቀጡ ሲይዛት ፀሐይቱ፣ "አይዞሽ፣ ይህ የመዳኑ ነው" እያለች ሌሊቱን ይዛት አደረች። ነፊሳ አሁን ዓርብ ዓርብ ከጠጅቱ ጋር ትቀመጣለች።

በአንተ አልፈርድም፤ አንተም በራስህ አትፍረድ። የጻፍከው ባዮሎጂ ነበር።

አጎትህ ገብረየሱስ


ላይፕዚግ
ጥቅምት 30 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለጋሼ ገብረየሱስና ለእናቴ ለእትዬ ጠጅቱ፤

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይህን የሚያደርሱላችሁ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ መነኩሲት ናቸው፤ የታመኑ ናቸው።

ሚደቅሳ በሰላም ገብቷል። እንዳዘዙኝ ደብዳቤውን አቃጥዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ቤተ ሙከራ አልሄድኩም። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ማሳረፍ ፈራሁ። በራስህ አትፍረድ ብለውኛል፤ አልቻልኩበትም፣ ግን እየሞከርኩ ነው።

ባለፈው እሑድ እኔና ሚደቅሳ እዚህ ካለች ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቄሱ አዛውንት ናቸው። ለሞተ ሰው ቅዳሴ እንዲቀድሱልን ለመንኳቸው። "ለማን?" አሉኝ። ስሟን ነገርኳቸው።

"ሳሃይቱ" አሉ።

"አይደለም" አላቸው ሚደቅሳ። "ፀ።"

"ትሳሃይቱ።"

"ፀ!"

"ትርጉሙ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ፀሐይ ማለት መሆኑን ስነግራቸው፣ "እንግዲያው በእኛ ቋንቋ ፀሐይ ብዬ ላንሳታ" አሉ።

"አይሆንም አባቴ" አልኳቸው። "በስሟ ያንሷት። ለዚሁ ነው የመጣነው።"

ወረቀት አውጥተው በራሳቸው ፊደል ጻፉት። ልብሰ ተክህኖ እየለበሱ ለብቻቸው ሲለማመዱት ሰማናቸው። በቅዳሴው መካከል ቦታው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ጮክ ብለውም በትክክል ጠሯት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ዘጠኝ አሮጊቶች ነበሩ። ሁሉም ተከትለው ጸለዩላት። ሚደቅሳ ቀድሞኝ አለቀሰ። ከዚያ እኔም አለቀስኩ፤ ድምፄን አውጥቼ፣ እንደ አገራችን። ዝም በል ያለኝ የለም። አንዷ አሮጊት መጥታ ምንም ሳትጠይቀኝ ክንዴን ያዘችኝ። እትዬ፣ ያን የታፈነውን ለቅሶዎን እዚህ አልቅሼልዎታለሁ። ባይበቃም።

ጋሼ፣ ከእንግዲህ በእሷ ስም አይጠይቁኝ። የሚፈልጉትን በራስዎ ስም ይጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ስሟን ግን ሳይጠይቁኝም እጽፋለሁ፤ በምልከው ደብዳቤ ሁሉ፣ እትዬ በቀላሉ እንዲያገኙት ከታች፣ ለብቻው መስመር ላይ።

ልጃችሁ ፍሰሐ

ፀሐይቱ ገብረየሱስ